ነዳጅ በየቦታው ዋጋው ለምን ይለያያል?

እህል ተሸክመን ወፍጮ ቤት ስንሄድ ባለወፍጮው «የማስፈጫ ዋጋ ጨምሯል» ይለናል። «ምነው?» ብንለው «ናፍጣ ተወደደ» ይላል። ወደ ከተማ ስንሳፈርም የመኪናው ረዳት ይህንኑ ይነግረናል። መኪና የሌለው ገበሬም ነዳጅ ይገዛል ማለት ነው። የሚገዛው ግን በዱቄቱ፣ በማዳበሪያውና በጨው ዋጋ ውስጥ ነው።

ታዲያ ናፍጣው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ከተማ ረክሶ ሌላው ከተማ የሚወደደው ለምንድነው?

ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣ የምትገዛው ከውጭ አገር ነው። ነዳጁ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ወደብ ይደርሳል። ቀድሞ ወደቡ አሰብ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ በቦቴ መኪና ይጫናል። ቦቴው በገላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ወደ ጋምቤላ የሚሄደው ደግሞ ከአዲስ አበባ በኋላ ገና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

ይህን በሒሳብ እንየው። አንድ ቦቴ 40,000 ሊትር ጫነ እንበል። የመጓጓዣው ክፍያ 120,000 ብር ቢሆን፣ 120,000ን ለ40,000 ስናካፍል 3 ይሆናል። እያንዳንዱ ሊትር 3 ብር የመንገድ ዋጋ ተሸክሟል ማለት ነው። መንገዱና ክፍያው እጥፍ ቢሆን 6 ብር ይሸከማል። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ጎማ ይበላል፤ መኪናውም ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ክፍያውም ይጨምራል። መንግሥት ለየከተማው የተለያየ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ልዩነት የሚቆጠር ነው፤ ቅሬታም የለብንም።

ነገር ግን መንገዱ ሳይረዝም ዋጋው በአገር ሙሉ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ይህ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. በዐረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ተነሣ። ዘይት ሻጮቹ የዐረብ አገሮች የሚያወጡትን ቀነሱ። 3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል፣ ማለትም 159 ሊትር፣ በጥቂት ወራት 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። እኛም አገር ቤንዚን ተወደደ። በዚያው ዓመት በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥትም ደንግጦ ከጨመረው ዋጋ ላይ ቀነሰ። ሽማግሌዎች ይህን ያስታውሱታል።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ ነዳጅ በዓለም ተወደደ። ቀድሞ መንግሥት ነዳጅን ከገዛበት አሳንሶ እየሸጠ ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ።

ሌላው ነገር ዶላር ነው። ነዳጅ የሚገዛው በብር አይደለም፤ በዶላር ነው። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የምንዛሪው አሠራር ተለወጠ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ውጭ ያለው ሻጭ አንድ ሳንቲም ባይጨምርም፣ እኛ በብር ስንቆጥረው ነዳጁ ተወደደብን።

እስካሁን ያየነው የመንገድ፣ የዓለም ገበያና የዶላር ነገር ነው። አራተኛው ግን የሰው ሥራ ነው። ማደያው «ነዳጅ የለም» ይላል፤ ከማደያው ጀርባ ግን በጀሪካንና በሃይላንድ ይሸጣል። ዋጋው ከተወሰነው በብዙ ይበልጣል። አንዳንዱም ላምባ ቀላቅሎ ሞተር ያበላሻል። ይህን ጭማሪ መንገድም ዶላርም አላመጣውም።

ይህን ለመለየት ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። በማደያው ማሽን ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የአንዱ ሊትር ዋጋ፣ የተቀዳው ሊትርና የሚከፈለው ብር። የመጀመሪያውን መንግሥት ለዚያ ከተማ ካወጣው ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱን ስናባዛ ሦስተኛውን ካልሰጠን ነጂውም ሆነ ባለፓምፑ ይጠይቅ።

ወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ነው። ወፍጮው አንድ ኩንታል ለመፍጨት 2 ሊትር ናፍጣ ይበላል እንበል። ናፍጣ በሊትር 5 ብር ቢጨምር፣ የኩንታሉ ወጪ የጨመረው 10 ብር ነው። ባለወፍጮው 30 ብር ቢጨምርብን «20ው የምንድነው?» ማለት ይገባናል። ምናልባት ቺንጋ ቀይሮ ይሆናል፤ ይንገረን። ምናልባትም ማደያው ሩቅ ሆኖበት ከባለጀሪካን ገዝቶ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ጠባችን ከባለወፍጮው ጋር አይደለም። እሱንም ይዘን፣ ነዳጁ በማን እጅ ከማደያ እንደወጣ ቀበሌውን እንጠይቅ።