አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ሥራ፦ የመኪና ሪሞት ሥራ ሲያቆም ምርመራው ከየት ይጀመር?

አንድ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ባልደረባችን ከሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በስልክ ጠሩን። ቤተሰባቸውን ይዘው ለመዝናናት ወጥተው ነበር። የመኪናቸው ሪሞት ሽፋን ተሰንጥቆ፣ መጫኛውም አልታዘዝ ብሏቸው ስለ ነበር አዲስ ሽፋን ገዝተዋል። ልጆቹ በሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን፣ ባትሪውንና የቁልፉን ብረት ከአሮጌው ሽፋን ወደ አዲሱ አዛወሩ። ሪሞቱን ሲጫኑት በሮቹ ወዲያው ተከፈቱ። ደስ ብሏቸው ቁልፉን አስገብተው ሲያዞሩት ግን ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሣም አለ።

እኛ ስንደርስ አንድ መካኒክ የነዳጁን ፓምፕ ተጠራጥሮ መኪናው ወደ ጋራዥ እንዲጎተት ሐሳብ አቅርቧል። ባልደረባችንም በዚሁ ተስማምተዋል። ምክንያታቸው «ቁልፉ በሩን ከፍቷል፤ ስለዚህ ቁልፉ ደኅና ነው» የሚል ነበር። አባባሉ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት አለበት። ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በቅድሚያ በዚያ ትንሽ እጀታ ውስጥ ምን እንዳለ እንመልከት።

በአንድ እጀታ ውስጥ ያሉ ሦስት ቁልፎች

የመጀመሪያው ብረቱ ነው። ጥርሶቹ ከበሩና ከሞተር ማስነሻው ቀዳዳ ውስጣዊ ቅርጽ ጋር ይገጣጠማሉ። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የሬዲዮ ማሰራጫው ነው። መጫኛውን ስንጫን አነስተኛዋ ባትሪ ኃይል ትሰጠዋለች፤ እርሱም የኮድ መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። በአውሮፓና በብዙ አገሮች የተለመደው ድግግሞሽ 433.92 ሜጋኸርዝ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ ደግሞ 315 ሜጋኸርዝ በብዛት ይገኛል። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ስናካፍል የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የቴሌቪዥን ሪሞት ግን የሚሠራው በታሕተ ቀይ ብርሃን ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥን ሪሞትን በሞባይል ካሜራ እያዩ የመፈተሽ ዘዴ የሬዲዮ ሞገድ ለሚልክ የመኪና ሪሞት አያገለግልም።

ሦስተኛው ከሁሉ የተሰወረው ነው፤ ባትሪ የሌለው ቺፕ። በሞተር ማስነሻው ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲገባ ይህ ሽቦ ብዙውን ጊዜ 125 ኪሎኸርዝ በሆነ ድግግሞሽ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ባገኘው ሕግ መሠረት ይህ መስክ በቺፑ ውስጥ ባለው ጥቃቅን ጥምጥም ላይ ቮልቴጅ ያስነሣል። ቺፑም በዚያች ቅንጣት ኃይል ነቅቶ መለያውን ያስታውቃል። የመኪናው ኮምፒዩተር መለያውን ካላወቀው ሞተሩ እንዳይነሣ ያግዳል። ይህ ፀረ ስርቆት ዘዴ በብሪታንያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሆኗል።

እንግዲህ ሦስቱ ቁልፎች በአንድ እጀታ ይኑሩ እንጂ አንዱ የሌላው ዋስ አይደለም። ባትሪው ቢያልቅ ሬዲዮው ዝም ይላል፤ ብረቱና ቺፑ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ምክንያት ሪሞቱ ቆመ ተብሎ ሙሉ ቁልፍ ለመግዛት መቸኮል አይገባም።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

1. መለዋወጫ ቁልፍ ካለ በእርሱ እንሞክር። ሁለተኛው ከሠራ ጉድለቱ ያለው በመጀመሪያው ቁልፍ ውስጥ ነው። ሁለቱም እንቢ ካሉ ግን ሁለት ባትሪዎች በአንድ ቀን ያልቃሉ ብሎ ማሰብ ስለሚያዳግት ጥርጣሬያችን ወደ መኪናው ወይም ወደ አካባቢው ይዞራል። የመኪናው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከወረደ የሪሞቱን መልእክት የሚቀበል አይኖርም፤ የውስጡ መብራት መደብዘዙ ይህን ያመለክታል። የተቃጠለ ፊውዝም ተመሳሳይ ውጤት ይኖረዋል።

2. ከቅርብ እንጫነው። ከበሩ አጠገብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው እየደከመ ነው፤ አለበለዚያም ሌላ ሞገድ እየረበሸው ነው።

3. ቦታ እንለውጥ። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኖርዝ ኦልምስቴድ በተባለች ከተማ በአንድ ሰፈር የነበሩ የመኪና ሪሞቶችና የጋራዥ በር መክፈቻዎች ለሳምንታት ታውከው ነበር። ፍለጋው በመጨረሻ ያደረሰው አንድ ነዋሪ ለግል ጥቅሙ ወደ ሠራው፣ በ315 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ ወደሚያሰራጭ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ሰውየው ጉዳት እያደረሰ መሆኑን አላወቀም ነበር። ሪሞት በአንድ ስፍራ እምቢ ብሎ በሌላ ስፍራ ከሠራ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም።

4. ባትሪውን እንፈትሽ። በብዙ ሪሞቶች ውስጥ የሚገኘው ባለ 3 ቮልት የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ልኩን ይነግረናል፤ 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። 2025 ስፋቱና ቮልቴጁ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ2032 ቦታ ቢገባ ንክኪው ይላላል።

5. ንክኪዎቹን እናጽዳ። እርጥበት የነካቸው የብረት ምላሶች ይዝጋሉ። ሪሞቱ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ሳንጫነው አስቀድመን ባትሪውን ማውጣትና ሰሌዳውን በሚገባ ማድረቅ ያስፈልጋል።

በቴስተር «3 ቮልት» ያለ ባትሪ ለምን አይሠራም?

ይህ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ ነው። ቴስተር ከባትሪው የሚወስደው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ነው፤ ማሰራጫው ግን በሚጫንበት ቅጽበት ብዙ ይጠይቃል። ከባትሪው የሚወጣው ቮልቴጅ ከመነሻ ቮልቴጁ ላይ የኮረንቲውና የውስጣዊ ተቃውሞው ብዜት ተቀንሶ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ያህል ማሰራጫው 15 ሚሊ አምፒር ይወስዳል እንበል። የአዲሱ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን የሚቀነሰው 0.15 ቮልት ብቻ ስለሆነ 2.85 ቮልት ይቀራል። የአሮጌው ተቃውሞ 80 ኦም ቢደርስ ግን 1.2 ቮልት ይቀነስና 1.8 ቮልት ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ባትሪ የሚፈተሸው ሥራ ላይ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ያለቀ የሚመስል ባትሪ ሕፃን ቢውጠው በጉሮሮው እርጥበት ውስጥ ኮረንቲ እያስተላለፈ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። አሮጌውን ባትሪ መሬት ላይ አንጣል፤ ሕፃን መዋጡን ከጠረጠርን ምልክት ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም እንሩጥ።

ባትሪው ደኅና ሆኖ መኪናው «ካላወቀው»

ሪሞት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ቢልክ ሌባ ቀድቶ ሊጠቀምበት ይችላል። በመሆኑም ኮዱ በተጫንን ቁጥር ይለወጣል፤ ሪሞቱና መኪናውም ቆጠራውን እኩል ይይዛሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተፈለሰፈው ኪሎክ የተባለው ዘዴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ዘዴ ሪሞቱ ከመኪናው ርቆ እስከ 16 ጊዜ ያህል ቢጫን መኪናው ልዩነቱን ይቀበላል። ከዚያ ካለፈ ግን ሁለት ተከታታይ ትክክለኛ መልእክቶች እስኪደርሱት ድረስ አይከፍትም። ልጆች የተጫወቱበት ሪሞት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫኑት በኋላ «የሚድነው» በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች ሞዴሎች የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይገባል።

ያለ ብረት ቁልፍ በሚነሡ መኪኖችስ?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን እየበዙ መጥተዋል። ብዙዎቹ ከኪስ ሳይወጣ በሚሠራ ቁልፍ ይነሣሉ። የእነዚህ ቁልፎች ባትሪ ቢያልቅ በብዙ ሞዴሎች ቁልፉን በማስነሻው መጫኛ ላይ ወይም በተመደበለት ስፍራ ማስጠጋት ይበቃል። የፋራዴይ ሕግ እዚህም ያገለግላል። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪው ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላለው፣ ትልቁ ሞልቶ ሳለ ትንሹ ቢወርድ በሩ ላይከፈት እንደሚችል ማስታወስ ያሻል።

ወደ ሐይቁ ዳር እንመለስ

በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት የቁልፍ ምስል ያላት መብራት ቦግ እልም ትል ነበር። ይህች መብራት ሞተሩ የታገደው ቺፑ ባለመታወቁ እንደሆነ ነገረችን። ባልደረባችንን «አሮጌው ሽፋን የት አለ?» ብለን ጠየቅናቸው። ትንሹ ልጃቸው መጫወቻ አድርጎት ነበርና ከእጁ ተቀበልነው። በሽፋኑ ጥግ፣ ከሰሌዳው ተለይታ በራሷ ጎድጓዳ ስፍራ የተሰካች፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አገኘን። ወደ አዲሱ ሽፋን አዛወርናት፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። መኪናውን ለመጎተት የተዘጋጀው ገመድ ተጠቅልሎ ተመለሰ።

በሩ መከፈቱ የመሰከረው ስለ ሬዲዮው ብቻ ነበር፤ ስለ ቺፑ የሰጠው ማስረጃ አልነበረም። በቤተ ሙከራም ይሁን በጋራዥ፣ አንድ ማስረጃ የሚያረጋግጠው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለይቶ ማወቅ የምርመራ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ሽፋን የምትለውጡ ሁሉ አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ጥጉን ተመልከቱ።

ለመልመጃ

ሀ. ሪሞቱ በሩን አይከፍትም፤ ሞተሩ ግን ይነሣል። ከሦስቱ ቁልፎች የትኞቹ ደኅና ናቸው?
ለ. ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ማሰራጫው ለመሥራት ቢያንስ 2.1 ቮልት ቢያስፈልገው፣ የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ቢበዛ ስንት ኦም ሊሆን ይችላል?