በልብ ምት መለኪያ አፕ እንዴት እንሠልጥን? ከመጀመሪያው ልኬት እስከ ሳምንታዊ ዕቅድ

ሩጫ ጀምረው በወር በሁለት ወር ውስጥ የሚያቆሙ ብዙዎች ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ከአቅማቸው በላይ ፈጥነው ስለሚጀምሩ ነው። በየቀኑ እያለከለኩ ይሮጣሉ፣ ሰውነታቸው ይዝላል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በመጨረሻም ይተዉታል። የልብ ምት መለኪያ አፕ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በትክክል ከተጠቀሙበት ቀላል መሆን ያለበትን ልምምድ በእውነት ቀላል ያደርግልዎታል፤ ከባዱንም በዕቅዱ ቀን ብቻ ያስሠራዎታል።

በተለይ በደጋ ለምንኖር ሰዎች ልብ ምት ከፍጥነት የተሻለ መመሪያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቆላ ላይ ለሚሮጥ ሰው የተዘጋጀ የፍጥነት ሰንጠረዥ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ አይሠራም። ልብ ግን የዳገቱን ጫና፣ የአየሩን መሳሳት፣ የፀሐዩን ሙቀትና የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ሁሉ ደምሮ ያሳያል።

ከመጀመርዎ በፊት

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም ለዓመታት እንቅስቃሴ አድርገው የማያውቁ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። እንደ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብን ምት ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች አይሠሩለትም፤ ገደቡን ሐኪሙ ይንገረው።

1ኛ ደረጃ፦ መለኪያውን ይምረጡ

አፑ ራሱ ልብን አያዳምጥም፤ ቁጥሩን የሚያቀብለው መሣሪያ ያስፈልገዋል። ምርጫው ሦስት ነው።

* የስልክ ካሜራ። ጣትዎን ካሜራውና መብራቱ ላይ ሲያሳርፉ ልብዎን የሚቆጥሩ አፖች አሉ። ቁጭ ብለው ለሚወስዱት ልኬት ይረዳሉ፤ እየሮጡ ግን አይሆኑም።
* ስማርት ሰዓት። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ፣ በእያንዳንዱ ምት ደም ሲያልፍ የሚፈጠረውን የብርሃን ለውጥ ያነባል። ለእርምጃና ለሶምሶማ ይበቃል። ላላ ብሎ ከታሰረ፣ እጅ ከቀዘቀዘ ወይም ንቅሳት ላይ ካረፈ ግን ይሳሳታል።
* የደረት ቀበቶ። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ይይዛል። የፊንላንዱ ኩባንያ ፖላር እ.ኤ.አ. በ1982 ገመድ አልባ መለኪያ ለገበያ ካቀረበበት ጊዜ አንሥቶ ስፖርተኞች ሲጠቀሙበት የኖሩት ይህን ዓይነቱን ነው። ፍጥነት የሚቀያየርበት ልምምድ ለመሥራት ካሰቡ ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውሉ።

ከአፖቹ መካከል ስትራቫ፣ ፖላር ፍሎውና ጋርሚን ኮኔክት በስፋት ይታወቃሉ። ከመግዛትዎ በፊት መሣሪያውና አፑ መነጋገራቸውን ያረጋግጡ።

2ኛ ደረጃ፦ መረጃዎን በትክክል ያስገቡ

አፑ ሲከፈት ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክብደትና ቁመት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ አለ፤ የልደት ቀንዎን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስገቡ። በ1978 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ከጻፈው አፑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ብዙ አፖች የልብን ጣሪያ፣ ማለትም ልብ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ምት፣ የሚገምቱት ከዕድሜ ስለሆነ፣ ዞኖቹ (የልምምዱን ክብደት የሚለዩት የምት ደረጃዎች) በሙሉ ዝቅ ብለው ይሠራሉ። የርቀት መለኪያውም ኪሎ ሜትር መሆኑን ይመልከቱ።

3ኛ ደረጃ፦ የዕረፍት ልብ ምትዎን ይለኩ

ጠዋት እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይነሡና ቡና ሳይጠጡ ይለኩ። መሣሪያ ባይኖርም ችግር የለም። ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣትዎ ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙ። ለአምስት ቀን ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። በአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው፤ በደንብ የሠለጠኑ ሯጮች ከ60 በታች ይወርዳሉ።

4ኛ ደረጃ፦ ዞኖችዎን ራስዎ ያስሉ

በመጀመሪያ ጣሪያውን ይገምቱ። በሰፊው የሚታወቀው ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና ለአዋቂዎች የተሻለ የሚባለው ደግሞ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጅ ነው። በ40 ዓመት ሁለቱም 180 ይሰጣሉ። በ60 ዓመት ግን የመጀመሪያው 160፣ ሁለተኛው 166 ይላል። ሁለቱም ግምቶች ናቸው፤ የአንድ ሰው እውነተኛ ጣሪያ ከስሌቱ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል።

ቀጥሎ የዕረፍት ምትዎን ያስገቡ። የፊንላንዱ ተመራማሪ ማርቲ ካርቮነን ስም የሚጠራበት ስሌት ይህን ያደርጋል። ከጣሪያው ላይ የዕረፍቱን ምት ይቀንሱ፤ የቀረውን በሚፈልጉት መቶኛ ያባዙ፤ ከዚያ የዕረፍቱን ምት መልሰው ይደምሩ።

ዕድሜው 40፣ የዕረፍት ምቱ 65 የሆነን ሰው እንውሰድ። ጣሪያው 180 ነው፤ ልዩነቱ 115። ዞኖቹ እንዲህ ይወጣሉ፦

* ዞን 1 (ከ50 እስከ 60 በመቶ)፦ ከ123 እስከ 134፤ ፈጣን እርምጃና ማሟሟቂያ
* ዞን 2 (ከ60 እስከ 70 በመቶ)፦ ከ134 እስከ 146፤ እያወሩ የሚሮጡት ሶምሶማ
* ዞን 3 (ከ70 እስከ 80 በመቶ)፦ ከ146 እስከ 157፤ ወሬው ወደ አጫጭር ዐረፍተ ነገር የሚወርድበት
* ዞን 4 (ከ80 እስከ 90 በመቶ)፦ ከ157 እስከ 169፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚወጣበት
* ዞን 5 (ከ90 በመቶ በላይ)፦ ከ169 በላይ፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቻል

የራስዎን ቁጥሮች በአፑ ማስተካከያ ውስጥ በእጅዎ ያስገቡ። አፑ በራሱ የሞላውን እንዳለ አይተዉት።

5ኛ ደረጃ፦ መሣሪያውን ያገናኙና ይፈትሹ

የደረት ቀበቶውን ቆዳ የሚነካ ክፍል በውኃ ያርጥቡ፤ ደረቅ ከሆነ ምልክቱ ይቆራረጣል። ከጡት በታች፣ እንዳይንሸራተት አድርገው ይሰሩት። ሰዓት ከሆነ ከእጅ አንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት።

ብሉቱዙን ከከፈቱ በኋላ ቀበቶውን ከስልኩ ዝርዝር ሳይሆን ከአፑ ውስጥ ፈልገው ያገናኙት። ካልታየ ከሌላ ስልክ ወይም ከሌላ አፕ ጋር ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል ያንን ይዝጉ። ለአፑ የቦታ ፈቃድ ይስጡ፤ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢም አፑን መሐል ላይ እንዳይዘጋው ያድርጉ። ሩጫው ግማሽ ላይ ተቆርጦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለመመዝገብ ዳታ አያስፈልግም። ብሉቱዝና ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ቤት ገብተው ዋይፋይ ሲያገኙ ይጫናል።

ከመውጣትዎ በፊት በጣትዎ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙና ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ጥቂት ምት ብቻ ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው።

6ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዞን 2 ይሩጡ

ለ10 ደቂቃ ይራመዱ፤ ከዚያ ሶምሶማ ይጀምሩ። ምትዎ ከዞን 2 ጣሪያ ካለፈ ፍጥነት ይቀንሱ። ዳገት ከሆነ ያለ ምንም ኀፍረት ይራመዱ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ «ይህማ ሩጫ አይደለም» ይላል። ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨትን፣ ጡንቻም ስብን ማቃጠልን በደንብ የሚለምዱት ግን በዚህ ቀስታ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ። ቁጥሩ ዞን 2 እያለ መናገር ካቃተዎት ትንፋሽዎን ይመኑ፤ ጣሪያዎም ከስሌቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ 170 እያለ እርስዎ ያለ ችግር የሚያወሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ልብዎን ትቶ እርምጃዎን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ በሩጫ የእርምጃ ብዛት በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሚደርስ ይምታታበታል። ጠበቅ ያድርጉት፤ ጥቂት ቆመው እንደገና ይጀምሩ።

7ኛ ደረጃ፦ ሳምንቱን ያቅዱ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚህ መነሻ ማክሰኞ 30 ደቂቃ፣ ሐሙስ 30 ደቂቃ፣ ቅዳሜ 50 ደቂቃ በዞን 2፣ እሑድ ደግሞ 40 ደቂቃ እርምጃ በዞን 1 ቢያደርጉ 150 ይሞላል።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ከሁለቱ አጫጭር ቀናት አንዱን ወደ ኢንተርቫል ይለውጡ፤ በዞን 4 አራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሦስት ደቂቃ ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ ይህንን አራት ጊዜ። ልብ ከእግር ዘግይቶ ስለሚነሣ በመጀመሪያው ደቂቃ ቁጥሩን አያሳድዱት። በየዓመቱ በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ለሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚዘጋጅ ሰውም ከዚህ በላይ የተወሳሰበ ነገር አያስፈልገውም።

8ኛ ደረጃ፦ ከሩጫው በኋላ መዝገቡን ያንብቡ

ሦስት ነገሮችን ብቻ ይመልከቱ።

* መልሶ መውረድ። ከከባድ ልምምድ በኋላ እየተራመዱ ምትዎ በአንድ ደቂቃ ስንት እንደወረደ ይያዙ። አካል ሲጠነክር መውረዱ ይፈጥናል። በተደጋጋሚ ከ12 የማያልፍ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።
* መንሸራተት። ፍጥነቱ ሳይለወጥ በሁለተኛው ግማሽ ምትዎ በግልጽ ከጨመረ ውኃ ጠምቶዎታል፣ ሞቆዎታል ወይም ርቀቱ ገና ይበዛብዎታል።
* እድገት። በየአራት ሳምንቱ ያንኑ 5 ኪሎ ሜትር በዚያው የልብ ምት ይሩጡ። ሰዓቱ ካጠረ ልምምዱ እየሠራ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሲል

የጠዋቱ ምት ከወትሮው 7 ወይም 8 ከጨመረ ድካም፣ ጉንፋን ወይም የእንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል፤ የዕለቱን ከባድ ልምምድ ይተዉት። ትኩሳት ካለዎት ጭራሽ አይሩጡ። በጾም ቀን ውኃ ሳይጠጡ የሚሮጡ ከሆነ ዞን 1 ላይ ይቆዩ፤ ሰዓቱንም ወደ ማፍጠሪያው ያስጠጉ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት አዲስ አበባ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በለመደው ፍጥነት መሮጥ የለበትም፤ ምቱ በከፍታው ምክንያት ከፍ ይላል፣ ሰውነቱ እስኪለምድ በልብ ምቱ እንጂ በፍጥነቱ አይመራ።

የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ወይም ያለ ምክንያት የሚዘባረቅ ምት ከተሰማዎት ስክሪኑ ምንም ይበል ምን ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ። እነዚህ አፖች ለልምምድ የተሠሩ ናቸው፤ ሕመም አይመረምሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠቃሚዎች የሮጡባቸውን መንገዶች የሚያሳየው የስትራቫ ካርታ የጦር ሰፈሮችን አጋልጦ ዓለምን አነጋግሯል። ቤትዎ ያለበትን አካባቢ ከካርታው ይደብቁ፤ መዝገብዎንም ለሚያውቋቸው ብቻ ክፍት ያድርጉ። ማልደው ብቻቸውን ለሚሮጡ ሴቶች ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

መለኪያ ገና ያልገዛ ሰውም ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ነገ ጠዋት ከአልጋዎ ሳይነሡ ሁለት ጣትዎን አንጓዎ ላይ አሳርፈው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ይጻፉት። ቀሪው ሁሉ ከዚያ ቁጥር ይነሣል።