አኰቴትና ቁርባን፤ ምስጋናን በመስጠት ስለ መግለጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ፍሬ ቅዳሴው «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል። አኰቴት በግእዝ ምስጋና ማለት ሲሆን ቁርባን ደግሞ ለአምላክ የሚቀርብ መባ ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ስም መገናኘታቸው ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በአፍ የጀመረ ምስጋና የሚፈጸመው በእጅ ነው።

ይህ ትምህርት በኦሪትም የታወቀ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 26 እንደምናነበው፣ እስራኤላዊው ገበሬ የምድሩን በኵራት በዕንቅብ አድርጎ በካህኑ ፊት ሲያቀርብ፣ አባቶቹ በግብፅ መከራ እንደ ተቀበሉና እግዚአብሔር ከዚያ እንዳወጣቸው ይናገራል። ቀጥሎም የራሱ ርስት ከሌላቸው ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋር ደስ እንዲለው ታዝዟል። አስቀድሞ የተደረገለትን ያስባል፤ ከዚያ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ይካፈላል።

በሐዲስ ኪዳን ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ምእመናን ያሰባሰበውን ርዳታ እንመልከት። የመቄዶንያና የአካይያ ክርስቲያኖች ለዚህ አገልግሎት ገንዘብ አዋጥተዋል። ሐዋርያው በሮሜ 15፥26–27 መዋጮውን ዕዳ ይለዋል። አሕዛብ ከኢየሩሳሌም ምእመናን መንፈሳዊውን በረከት ስለ ተካፈሉ፣ እነርሱም በሥጋዊው ነገር ሊያገለግሏቸው ይገባ ነበርና። እንግዲህ ሰጪዎቹ ውለታ የመለሱ እንጂ ውለታ የዋሉ አልነበሩም። ይህን ከተረዳን ለአገልግሎታችን ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ ውለታ የሚመልስ ሰው በተቀባዩ ላይ አይታበይም። ዛሬ ግን በንግሥ በዓል የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ ሲጠራ፣ እህል ሲታደልም ካሜራው ወደ ችግረኛው ፊት ሲዞር እናያለን። መዝገብ መያዝና ሪፖርት ማቅረብ የሥራችን ግዴታ ነው። ነገር ግን ችግረኛው የተቀበለውን ስንዴ በኀፍረቱ እንዲከፍል ካደረግነው ስጦታው ሽያጭ ይሆናል። እኛም ለእግዚአብሔር የሚገባውን ምስጋና ለራሳችን ወሰድን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ድኻም የማመስገን መብት አለው። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 የመቄዶንያ ምእመናን በጽኑ ድህነት ውስጥ ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ፣ ከዚያም አልፎ በዚህ አገልግሎት እንዲሳተፉ ሐዋርያውን አጥብቀው እንደ ለመኑት ተጽፏል። እኛ «ተረጂ» ብለን የምንመዘግበው ወገናችንም ባዶ እጁን የቆመ አይደለም። ምንጭ ሲጎለብት ድንጋይ የሚሸከመው አባት፣ ለግንበኛው እንጀራና ውኃ የምታቀርበው እናት እየሰጡ ነው። በፕሮጀክት ሰነዳችን ይህ «የኅብረተሰብ ድርሻ» ተብሎ በብር ተተምኖ ይገባል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን መባ ነው። ስለዚህ ድርሻውን እንደ ግብር በላያቸው ልንጭንባቸው አይገባም። አስቀድመን እናማክራቸው፤ የሚችሉትን ራሳቸው ይንገሩን፤ ያደረጉትንም በክብር እንቀበል። ሐዋርያው መስጠት በግድ ወይም በኀዘን እንዳይሆን አስተምሯልና።

ሦስተኛ፣ የምስጋና ስጦታ ሥርዐትና ታማኝነት ይፈልጋል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዳቸው እንደ ገቢያቸው እንዲያስቀምጡ አዝዟል። ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አድርጓል። ሐዋርያው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ ሙዳየ ምጽዋት በምስክሮች ፊት እንዲከፈት፣ ገቢው በደረሰኝ እንዲመዘገብ፣ ወጪውም ለምእመናን እንዲነበብ ማድረግ እንዴት ይከብደናል? አንዲት መበለት ከጉሮሮዋ ቀንሳ ያስገባችው ብር ቢጠፋ የሚጐድለው ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ምስጋናዋም ይሰረቃል።

ታዲያ ከየት እንጀምር? በየቤታችን በጾም ቀን ሳናወጣ የቀረነውን የምሳ ወጪ ለይተን እናስቀምጥ። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ስንሰበሰብ ከመሶቡ የነዳያን ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ የተረፈው ብቻ አይሰጣቸው። ገበሬው ከአውድማው፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ደመወዝተኛው ከወር ገቢው ዐሥራቱን ያውጣ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ጕልበቱን፣ ሙያውን፣ የታመመ ጎረቤቱን የሚጠይቅበትን ጊዜ ይስጥ። ከመስጠታችን በፊትም፣ በዚህ ዓመት እግዚአብሔር ምን አደረገልን? በማንስ እጅ አደረገልን? ብለን በቤተሰብ እንነጋገር።

ሐዋርያው እንደሚያስተምረን የዚህ አገልግሎት ፍሬ የችግረኛውን ጕድለት በመሙላት ብቻ አያበቃም፤ ለእግዚአብሔር በሚቀርብ ብዙ ምስጋናም ይትረፈረፋል። ሰጪው ስለ ተደረገለት አመስግኖ ይሰጣል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ለሌላው ይተርፋል። አመስግነን የምንሰጥ፣ ሰጥተንም የማንታበይ እንድንሆን የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።