የሐር ትል ቢራቢሮ ክንፉ ሲጨማደድ፦ ምክንያቱ፣ አያያዙና የዘር ዕንቁላል አመራረጥ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
• የቢራቢሮ ክንፍ ሳይዘረጋ የሚቀርበትን ምክንያት ያውቃሉ፤
• የአያያዝ ጉድለትን ከበሽታ ምልክት ይለያሉ፤
• ለቀጣዩ ዙር ከየትኛዋ እናት ዘር እንደሚይዙ ይወስናሉ።

መግቢያ

ውድ አርሶ አደር፣ በጉሎ ቅጠል የሚያረቡት የሐር ትል ኩኩኑን ሠርቶ ከተኛ ከ15 እስከ 20 ቀን ገደማ በኋላ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። የጤናማ ቢራቢሮ ሰውነት ነጭ ጥጥ የለበሰ ይመስላል። ክንፉ ጠቆር ያለና የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት የሚታይበት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ክንፉ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ተጠቅልሎ የቀረ ቢራቢሮ ሰፌዱ ላይ ሲንፏቀቅ ያገኛሉ።

ልጆች አዝነውለት የስኳር ውሃ ሊያቀርቡለት ይሞክራሉ። ትልልቆቹ ደግሞ “ይኼ ቢራቢሮ ድሮም አይበር፤ ዕንቁላል ከጣለ ምን ቸገረን?” ይላሉ። ዕንቁላል መጣሏ እውነት ነው። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የዛሬዋ እናት በሽታ ካለባት የሚቀጥለው ዙር ትል ሁሉ ሊያልቅ ይችላል።

1. ክንፍ የሚዘረጋው እንዴት ነው?

ቢራቢሮው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ከኩኩኑ ሲወጣ ክንፉ ትንሽ፣ እርጥብና የታጠፈ ነው። ወዲያው ወደ ላይ የሚወጣበትን ነገር ይፈልጋል። ካገኘ በእግሮቹ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከሰውነቱም ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች እየገፋ ይዘረጋዋል። ከዚያ ክንፉ ደርቆ ይጠነክራል።

ክንፉ ከመድረቁ በፊት ከወደቀ ወይም የሚንጠለጠልበት ካጣ እንደታጠፈ ይደርቃል። አንዴ ከደረቀ በኋላ በእጅ መዘርጋትም ሆነ ውሃ መርጨት አያስተካክለውም፤ ይልቁንም ክንፉን ይሰብራል። ማርና የስኳር ውሃም አይረዳውም። የሐር ቢራቢሮ የሚመገብበት አፍ ስለሌለው እስኪሞት ድረስ የሚኖረው ትል ሳለ ባከማቸው ጉልበት ነው።

2. ክንፍ የሚጨማደድባቸው ምክንያቶች

ሀ. የአያያዝ ጉድለት
• ኩኩን ተከምሮ መቀመጡና ቢራቢሮዎቹ እርስ በርስ መረጋገጣቸው፤
• የሚንጠለጠሉበት ጭራሮ ወይም ሻካራ ነገር አለመኖሩ፤
• ክፍሉ በጣም ሞቃትና ደረቅ መሆኑ፤
• ገና የወጣውን ቢራቢሮ በእጅ መነካካት፤
• ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ አጠገብ የተቆረጠ የጉሎ ቅጠል መመገብ ወይም ቤት ውስጥ የዝንብና የትንኝ መድኃኒት መርጨት።

ለ. የፔብሪን በሽታ
ፔብሪን በዓይን በማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙ የተወሰደው በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ ቁንዶ በርበሬ ማለት ከሆነ ቃል ነው፤ የታመመው ትል ቆዳ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይታያልና። በሽታው በተበከለ ቅጠል፣ በትል ኩስና በአቧራ ይተላለፋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከእናቲቱ ወደ ዕንቁላሏ መተላለፉ ነው። ታማ የተፈለፈለች ትል በአንድ ሰፌድ ላይ ያሉትን ጤነኞች ትበክላለች። የታመመ ትል ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

3. ሁለቱን እንዴት ይለያሉ?

ክንፉን ብቻ አይመልከቱ፤ ዙሩን ሁሉ መለስ ብለው ያስታውሱ።

የአያያዝ ጉድለት ሲሆን፦ ክንፋቸው የተጨማደደው ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙትም በአንድ ሰፌድ ላይ ወይም ኩኩን በተከመረበት ቦታ ነው። ትሎቹ ሲያድጉ እኩል ነበሩ፤ ኩኩናቸውም ጥሩ ነበር።

በሽታ ሲጠረጠር፦ ክንፋቸው የተጨማደደው ብዙ ናቸው፤ በየሰፌዱም ይታያሉ። የክንፋቸው ቅርፊት በቀላሉ ይረግፋል፣ ሆዳቸው ያብጣል። የሚጥሉት ዕንቁላል ጥቂት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል፤ ከወረቀቱም ጋር በደንብ አይጣበቅም። ትሎቹም ቀደም ሲል ገሚሱ ትልቅ ገሚሱ ትንሽ ነበሩ፤ ቆዳ የሚቀይሩበትም ቀን የተለያየ ነበር።

ማሳሰቢያ፦ ክንፏ በደንብ የተዘረጋ እናትም ፔብሪን ሊኖርባት ይችላል። የተጨማደደ ክንፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀጥ ያለ ክንፍ ግን የጤና ማረጋገጫ አይደለም።

4. ምን ማድረግ ይገባል?

ቢራቢሮ ከመውጣቱ በፊት
• ኩኩኑን በሰፌድ ላይ በአንድ ረድፍ ብቻ ያስጡ።
• ቢራቢሮው የሚንጠለጠልበት ጭራሮ በዙሪያው ያቁሙ።
• ክፍሉ ደረቅ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይስቀሉ፤ ኩኩኑን ግን አያርጥቡ።

ሲወጣ
• አይንኩት። ገና እርጥብ ሳለ ከወደቀ በጭራሮ ጫፍ እንዲይዝ አድርገው ወደ ላይ ያቁሙት። ሊረዱት የሚችሉት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።
• ክንፋቸው የተጨማደደውን ቆጥረው በማስታወሻ ይመዝግቡ። ካለፈው ዙር ጋር ሲያነጻጽሩ ይጠቅምዎታል።

ዘር ሲይዙ
• ክንፏ ከተጨማደደ እናት ዘር አይያዙ። በመውደቋ ብቻ ክንፏ የተበላሸ እናት ጥሩ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሆኖም እርሷን ከታመመችው በዓይን መለየት ስለማይቻል ሁለቱንም መተው ይሻላል።
• እያንዳንዷን እናት በተለየ ወረቀት ላይ በትንሽ ቅርጫት ሸፍነው ዕንቁላል ያስጥሉ። ለወረቀቱና ለእናቲቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይስጡ።
• እናቲቱ ዕንቁላል ጥላ ስትጨርስ አይጣሏት። በወረቀት ጠቅልለው፣ ቁጥሯን ጽፈው፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ በኩል ለምርመራ ይላኩ። ተሕዋሷ የምትታየው በማይክሮስኮፕ ነው።
• ውጤቱ እስኪታወቅ የየእናቲቱን ዕንቁላል አይቀላቅሉ። በሽታ የተገኘባትን እናት ዕንቁላል ከነወረቀቱ ያቃጥሉ።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ከ1865 እስከ 1870 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ያሉ የሐር አርቢዎች በፔብሪን ሲከስሩ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፦ እናቲቱን ለብቻ አስጥል፣ መርምር፣ የታመመችውን ዕንቁላል አቃጥል።

5. በሽታ ከተጠረጠረ ቤቱን ማጽዳት

• የታመሙትን ቢራቢሮዎች፣ ትሎች፣ ኩስና የተረፈ ቅጠል ያቃጥሉ። ለዶሮ አይስጡ፤ በጉሎው ማሳም አይበትኑ።
• ሰፌዱንና መደርደሪያውን በሳሙና አጥበው በፀሐይ ያድርቁ።
• 20 ግራም የክሎሪን ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ክፍሉንና ዕቃውን ያርጥቡ። ይህ የሚደረገው ትል በሌለበት ጊዜ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ አፍንጫና እጅ ተሸፍኖ ነው። ከሌላ ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ።
• ለቀጣዩ ዙር የተመረመረ ዘር ያስመጡ።

ኩኩኑን ግን አይጣሉ። የጉሎ ሐር ትል ኩኩን በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ቢራቢሮው ሲወጣ ክሩን አይበጥስም። በሚገባ ቀቅለው፣ አጥበው፣ እንደ ጥጥ ፈትለው ሊሸጡት ይችላሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንዲት ጎረቤትዎ ካላቸው ቢራቢሮ ገሚሱ ክንፉ የተጨማደደ ነው። ሆኖም ዕንቁላሉን ለዘር ሊያካፍሉዎት ይፈልጋሉ። ምን ይሏቸዋል?
2. በቤትዎ ቢራቢሮ የሚንጠለጠልበት ነገር አለ? ከሌለ ከአካባቢዎ ምን መጠቀም ይችላሉ?

ማጠቃለያ

የተጨማደደ ክንፍ አይቃናም። ያቺ ቢራቢሮ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ በሰላም ትጨርሰው። ዘሯን ግን አይያዙ። ጎረቤትም በጨዋነት ዘር ሲሰጥዎት ስለ እናቲቱ ይጠይቁ። ከአንድ ቤት የወጣ የታመመ ዕንቁላል የመንደሩን ሰፌድ ሁሉ ባዶ ሊያስቀር ይችላልና።