ሐኪሞቹ ሲለያዩብህ

ልጄ፣ አዲስ የተወለደልህ ወንድ ልጅ የሽንቱ ቀዳዳ ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል መሆኑን ሰማሁ። አንዱ ሐኪም በስድስት ወሩ ይሠራ፣ ሌላው ይቆይ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አያስፈልገውም ብለውሃል አሉ። እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ቢያሊክ ክሊኒክ ውስጥ ለወገኖቻችን ሳስተረጉም ስንቱን ወላጅ እንዲህ ግራ ተጋብቶ አይቻለሁ። ምክሬን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ሞሄሉ (ገራዡ) ጋ ዛሬውኑ ደውልና ግርዛቱን አቆይ። ሐኪሞች በሌላው ቢለያዩ እንኳ የቀዶ ጥገናው ነገር ሳይወሰን ልጁ አይገረዝ በሚለው ይስማማሉ። ቀዶ ሐኪሙ አዲሱን የሽንት መንገድ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ በሸለፈቱ ቆዳ ነው፤ ተቆርጦ ከተጣለ ሥራው ይከብዳል። የአንተን ልጅ ሸለፈት አስተውለህ እይ፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ተትረፍርፎ ከሥር ይጎድላል።

እናትህ እንዳዘነች አውቃለሁ። በስምንተኛው ቀን መግረዝ ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ሥርዓት ነው፤ ማዘኗ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በጤና ምክንያት ብሪትን (የግርዛቱን ሥርዓት) ማዘግየት በሃይማኖት ሕጋችን የተፈቀደ ነው። ብሪቱ ቆየ እንጂ አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ ከጥገናው ጋር አብሮ ይፈጸማል። ከቄሱ ወይም ከረቢው ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፣ ለቀዶ ሐኪሙም ንገረው። እናትህ ፊት ይህን አንተው ራስህ አስረዳ፤ ለሚስትህ አትተወው፤ አራስ ናት።

2. ሐኪሞቹ ስለተለያዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ይህ ሃይፖስፓዲያስ የሚሉት ነገር በግምት ከ200 እስከ 300 ወንድ ልጆች በአንዱ ይታያል፤ ብርቅ አይደለም። ለጥገናው ግን በሕክምና መጻሕፍት ከ300 የሚበልጡ ዘዴዎች ተጽፈዋል። አንዱ ዘዴ ለሁሉም ልጅ የሚበጅ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ማን ይፈልገው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካዊው ሐኪም ዋረን ስኖድግራስ የሽንት መንገዱን ወለል በቁመቱ ሰንጥቆ ወደ ቱቦ የማዞር ዘዴ አሳተመ፤ ቀዳዳው ወደ ጫፉ ለቀረበ ልጅ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራው ይህ ነው። ቀዳዳው ወደ ኋላ ሲርቅ ግን አንዱ ቀዶ ሐኪም በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፣ ሌላው በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቀዶ ያደርጋል። ከጥገናው በኋላ የሽንት ቱቦ ለቀናት የሚተው አለ፣ በቀላሉ ዓይነት ጭራሽ የማያስገባም አለ። እያንዳንዱ መምህሩ ያስተማረውንና እጁ የለመደውን ይሠራል። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ አንተ ግን ልትጠይቃቸው ይገባል።

3. ስትጠይቅ በጨዋነት፣ ግን ሳታፍር ጠይቅ፦ ቀዳዳው በትክክል የት ነው? ብልቱ ሲቆም ይጎብጣል? ካልተሠራ ምን ይሆናል? በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ልጅ ትሠራለህ? ከሠራሃቸውስ በሌላ ቀዳዳ ሽንት እየወጣ ወይም ቀዳዳው እየጠበበ የተመለሱት ስንት ናቸው? ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

ቀዳዳው ከጫፉ እምብዛም ካልራቀ፣ ብልቱም ቀጥ ካለ፣ ቀዶ አለማድረግም አንድ ምርጫ ነው፤ ሐኪሞቹ በብዛት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ርቆ፣ የዘር ፍሬውም ካልወረደ ግን ከቀዶ በፊት የሆርሞንና የዘረመል ምርመራ ይቀድማል። ይህን ማንም እንዲያልፍብህ አትፍቀድ።

4. ጥገናው የሚሠራበትን ዕድሜ በተመለከተ፣ የአውሮፓ ኡሮሎጂስቶች (የሽንት አካላት ሐኪሞች) መመሪያ ከ6 እስከ 18 ወር ይላል። ቀኑ ገና ነው፤ እስከዚያ እንቅልፍህን ተኛ።

5. ይህን ትዕግሥት ግን በሌሎች የሽንትና የብልት ችግሮች ሁሉ ላይ አታውለው። ያልወረደ የዘር ፍሬ እስከ ስድስት ወር ራሱ እንዲወርድ ይጠበቃል፤ ካልወረደ እስከ 18 ወር መሠራት አለበት። የሽንት ቧንቧን የሚዘጋ ሥጋ ያለበት ወንድ ሕፃን ግን አንድ ቀንም አይጠብቅም። ሽንት ወደ ኩላሊት የሚመለስበት ሕመም ላይ ደግሞ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሽንት ኢንፌክሽንን በግማሽ ያህል ቢቀንስም የኩላሊት ጠባሳን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሽንቱ ላይ ችግር ያለበት ጨቅላ ካተኮሰው ግን ክርክር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

6. መብትህን እወቅ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእስራኤል የታካሚ መብት ሕግ ሁለተኛ ሐኪም የማማከር መብት ይሰጥሃል፤ ሻባን (ተጨማሪ የጤና መድን) ካለህ ቁፓት ሖሊምህ (የጤና ድርጅትህ) ከወጪው ከፊሉን ሊመልስልህ ይችላል። ሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ሄደህ ልታሳየው ከፈለግህ ጦፌስ 17 (የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ) አስቀድመህ አስወጣ፤ ያለ እሱ ከበር ይመልሱሃል። ባለቤትህ ዕብራይስጡ ገና ስለሆነባት አስተርጓሚ ጠይቅላት። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የቋንቋ አገልግሎት እንዲቀርብ አዟል። አንተ ራስህ አታስተርጉምላት። አባት ሲያስተረጉም የሚያስፈራውን እየዘለለ ነው፤ የፈቃዱ ቅጽ ላይ ግን እሷም የምትፈርምበትን ማወቅ አለባት።

7. ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጥህን ወረቀት ጠብቀህ አስቀምጥ፤ የዘዴው ስም ያለበትን በተለይ። ችግሩ ከዓመታት በኋላ፣ ጉርምስና ላይም ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምን ተሠርቶለት እንደነበር ነው። ልጁም ነፍስ ሲያውቅ ከአንተ አፍ ይስማው፤ ከዘመድ ሹክሹክታ አይሁን።