በፓሪስ ባቡር ላመለጠው የመንዝ ተማሪ

ጥያቄ፦ ክቡር መምህር ሆይ፥ ከመሐል ሜዳ ተነሥቼ ለትምህርት ወደ ሊዮን ስሄድ፥ «ጋር ደ ሊዮን» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ጊዜ የደረስሁ መስሎኝ ዕቃዬን ይዤ ከጣቢያው ወጣሁና ባቡሩ አመለጠኝ። መንገድ ብጠይቅም ፈረንሳይኛዬን የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ እኔም የሚመልሱልኝን አልተረዳሁም። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ልጄ፥ ያ ጣቢያ የሚገኘው በፓሪስ ነው፤ ወደ ሊዮንና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የሚሄዱት ባቡሮች ስለሚነሡበት በመድረሻቸው ስም ስለ ተጠራ፥ ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ እንግዳ ቢሳሳት አያስነቅፈውም። የሊዮን ታላቁ ጣቢያ ፓር ዲዩ ይባላል። ወደ ፊት በቲኬትህ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ከማስታወቂያው ሰሌዳ ጋራ አመሳክር።

በመጽሐፍ የለመድኸው ቋንቋ በጆሮህ ሲመጣ ባዕድ የሚሆንብህ፥ በብዙ ቃላት መጨረሻ የተጻፉት ፊደላት ስለማይነበቡና፥ ቁጥሩም 97ን «አራት ጊዜ ሃያ፥ ዐሥራ ሰባት» እያለ ስለሚቈጥር ነው፤ ስለዚህ ዋጋና ሰዓት በሚነገርበት በገበያና በጣቢያ ዕለት ዕለት ጆሮህን አለማምድ። ከጥያቄህም በፊት፥ በአገርህ ያደግህበትን ሥርዓት ሳትዘነጋ፥ «ቦንዡር» ብለህ እጅ ንሣ፤ ያለ ሰላምታ የቀረበ ጥያቄ በዚያ አገር እንደ ድፍረት ይቈጠራልና።

በመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል በአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምረው፥ በንባብ ጽናት የአውሮፓን ጥበብ ለወገናቸው በአማርኛ እስከ ማቅረብ ደርሰዋል፤ አንተ ግን ቋንቋው በሚነገርበት አገር መካከል ተቀምጠሃልና፥ ስሕተትን ፈርተህ ዝም አትበል፥ ነገ ማለዳ ከዳቦ ሻጩ ጋራ መነጋገር ጀምር።