የሆቴል አባልነት መቼ ያዋጣል?

የአንድ ሆቴል ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ 6,000 ብር፣ የአልጋ ዋጋው በአዳር 3,000 ብር፣ የአባላት ቅናሹ 20 በመቶ ነው እንበል። በአንድ አዳር 600 ብር ይተርፋል፤ 6,000 ለ600 ሲካፈል 10 ይሆናል። እንግዲህ ትርፍ የሚጀምረው ከ11ኛው አዳር ነው።

ጥር 11 ቀን የሚከበረውን ጥምቀት ለማየት ጎንደር መጥቶ 3 ሌሊት የሚያድር እንግዳ 1,800 ብር ብቻ ስለሚቀነስለት 4,200 ብር ይከስራል። ውሉ የበዓል ቀናትን ከቅናሹ ውጭ ካደረገ ኪሳራው ሙሉ 6,000 ብር ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሲያልፍ ደባርቅ በሌላ ሆቴል የሚያድረውም አይቆጠርለትም።

ቅናሹን ለመጠቀም ሲባል የተጨመረ አዳርም 2,400 ብር ወጪ እንጂ ትርፍ አይደለም። ክፍያው እርግጠኛ ነው፤ ቅናሹ ግን በይሆናል ላይ የተመሠረተ ነው። ስለሆነም አንባቢው ሊቆጥር የሚገባው ያለ አባልነትም ቢሆን የማይቀሩትን አዳሮች ብቻ ነው።